ገበጣዬን እምቢ ያለው ስልክ

ወልድያን ለቀን የወጣን ዕለት ጎረቤቶቼ ሁሉ አስበውበት ነው የወጡት። አንዷ ድፎ ዳቦ ተሸከመች፣ ባሏ ፍራሽ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጫነ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ደግሞ ሱቁን ጥሎ ሚዛኑን ታቅፎ ወጣ። የሚመዘን ነገር ሳይዝ ሚዛን ምን ያደርግለታል ብዬ ብጠይቀው፣ ሚዛን ካለኝ ሱቅ አለኝ አለኝ። እኔ የያዝኩት ላፕቶፕ ነው። ስንቅ የለኝ፣ ብርድ ልብስ የለኝ፣ ጫማዬ እንኳ የቢሮ ጫማ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ጫማ ግን እስክሮጥም አልጠበቀኝ፣ ገና መርሳ ሳንደርስ ሶሉ ተገንጥሎ እንደ ውሻ ምላስ መንጠልጠል ጀመረ።

ላፕቶፑን የመረጥኩት ውስጡ ገበጣ ስላለ ነው። ግራ እንዳይገባችሁ ላስረዳ። ትውልዴ ደብረ ብርሃን፣ እንጀራዬ ወልድያ ነው፤ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ፣ ማለትም በሥራ ሰዓት፣ በስልክ የሚጫወቱት ገበጣ እሠራ ነበር። ጠጠሩን ከጉድጓድ ጉድጓድ ትዘራላችሁ፣ ስልኩ ራሱ ባላጋራ ሆኖ ይመልስላችኋል። በእኔ ስልክ ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አንድ የቢሮ ጓደኛዬ ግን አየት አደረገና፣ ገበጣ የሚያውቀው ባላገር ነው፣ የባላገር ስልክ ደግሞ ቁልፍና መብራት ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ ካልሠራ ለማን ሠራኸው ብሎ ልቤን ሰበረው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐሳቤ አንድ ሆነ፤ ይህ ጌም አቅም በሌለው ስልክ ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ወልድያ ውስጥ መሞከሪያ ባፈላልግ የሚያውሰኝ ጠፋ። ሁሉም ሰው ደህናውን ስልክ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ደካማውን እንደ ነውር ኪሱ ውስጥ ይደብቃል።

እንግዲህ ጦርነቱ መጣና እኔን ከነላፕቶፔ ከመርሳ ከፍ ብላ ያለች አንዲት የሀብሩ መንደር ውስጥ ጣለኝ። እማ ዘሀራ የሚባሉ እናት ከበራቸው ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ለካ ልጃቸውን እየፈለጉ ነው። ልጃቸው ኑሩ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ቆቦ እንዳለፈ ድምፁ ጠፋ። ፊቴን አይተው የእሳቸው ልጅ አለመሆኔን ካረጋገጡ በኋላ ጫማዬን አዩ።

«ግባ ልጄ» አሉኝ። «የእኔም ይሄን ጊዜ በሰው ደጅ ነው።»

እኔም ብሆን እናቴን ሳልሰናበት ነው የወጣሁት። ስልኩ የተቋረጠው እኔ ካልሲ ስፈልግ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ሴት ወልድያ ተያዘች የሚለውን በሬዲዮ ሰምታ ተቀምጣለች፤ ልጇ ይኑር ይሙት አታውቅም።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ነው ይላሉ። ብረት ሳልሆን ሥራ ላግዝ ብዬ የማሽላ አረም ልነቅል ገባሁ። እስከ ረፋድ ድረስ በደንብ ነቀልኩ። የነቀልኩት ማሽላውን መሆኑን የነገረኝ የማሳው ባለቤት ደምሴ ነው፤ የእማ ዘሀራ ጎረቤት፣ ከሳቅ በቀር ቁጣ የማያውቅ ገበሬ። አልተቆጣኝም፣ እጄን ይዞ ጥላ ሥር አስቀመጠኝና ከዚህ እንዳልነሳ ለመነኝ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ እዚያ ጥላ ሥር ሆኜ አካባቢዬን ሳይ ነው ዓይኔ የተከፈተው። ወልድያ ላይ አንድ ያጣሁት ደካማ ስልክ እዚህ በየሰው አንገት በገመድ ተንጠልጥሏል። አንዱ ቁልፉ ረግፏል፣ አንዱ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ ባትሪው በላስቲክ ታስሯል። ለሞካሪ ሰው ይህ ሲሳይ ነው።

በላፕቶፔ የመጨረሻ ቻርጅ ገበጣውን ሚሞሪ ላይ ገልብጬ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የእማ ዘሀራን ስልክ ሞከርኩ፤ ከፈተ። የደምሴን ሞከርኩ፤ ከፈተ፣ ግን ዘገየ። አንድ ጠጠር ለመዝራት ሰው ሦስት ጊዜ እስኪያዛጋ ይቆያል። አንጎሉ ደካማ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ ልለው ስል ደምሴ እጁን ዘርግቶ ዝም አሰኘኝ።

«ተወው» አለኝ። «እያሰበ ነው።»

ይህን እኔ አላሰብኩበትም ነበር። በእኛ ትምህርት የዘገየ ማሽን የተረገመ ነው። በሀብሩ ግን ገበጣ ላይ የሚቸኩል ሰው ቀልቃላ ይባላል፣ ቆይቶ የሚዘራ ነው የሚከበረው። ስለዚህ የደምሴ ስልክ በሦስት ቀን ውስጥ የመንደሩ ታላቅ ተጫዋች ተባለ። የአንዲት ልጅ እግር ስልክ አዲስ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይመልሳል፤ ማንም አልፈለገውም፣ ይሄ ሳያስብ ነው የሚዘራው ብለው ናቁት። ቢያሸንፋቸውም ናቁት።

ችግሩ የሼህ እንድሪስ ስልክ ነው። ሼህ እንድሪስ አበጋር ናቸው፤ ሁለት ጎሣ ደም ተቃብቶ እንኳ እሳቸው መሐል ገብተው ያስታርቃሉ፣ የተናገሩት አይታጠፍም። ስልካቸው ያች ባትሪዋ በላስቲክ የታሰረችው ናት። ሚሞሪውን አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ እፍ ብዬ መልሼ አስገባሁ። ስልኳ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አሳየችኝና ቀጥ አለች። ሼሁ ምን አለች ቢሉኝ፣ አልችልም ትላለች አልኳቸው። አቅም የላትም ብዬም ጨመርኩበት። ምላሴን ምን እንደነዳው አላውቅም።

«ይች ስልክ ወንዝ ገብታ ወጥታለች፣ በቅሎ ረግጧታል» አሉኝ ቀስ ብለው። «አቅም የላትም የተባለች ዛሬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ገበጣ ሲጫወት እሳቸው ራቅ ብለው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሰላም ስላቸው ይመልሳሉ፣ ግን አጭር ነው። ጠበኛ የሚያስታርቀው ሰው ከእኔ ጋር ሲኳረፍ ማን ያስታርቀኝ?

ታዲያ በዚህ መሐል አንድ ገበሬ የጠፋ በሬ ፍለጋ ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ ጫፍ ላይ ይወጣል። በሬውን አላገኘም። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ሳምንታት ዝም ብሎ የከረመው ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደ ዶሮ ይጮህ ጀመር። ከቆላው በኩል ኔትወርክ ይመጣል ለካ። ሰውየው እየሮጠ ወረደ፣ መንደሩ ተናወጠ። በዚያው ሰሞን አንድ የቆላ ነጋዴ ሲያልፍ ለእማ ዘሀራ አንድ ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። ሚሌ ላይ ኑሩ የሚባል የመኪና ረዳት አለ፣ ቁጥሩ ይሄ ነው፣ የእናንተ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር ያላቸው። ኑሩ ደግሞ ስንቱ ነው። እማ ዘሀራ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ አስጽፈው በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረውታል፤ እየደጋገሙ ቋጠሮውን በጣታቸው ይነካሉ።

ሼህ እንድሪስ መንደሩን ሰብስበው መከሩ። አንድ በአንድ ተራራ ብንወጣ፣ ታች አስፋልቱ ላይ ያሉት ታጣቂዎች ያዩናል፣ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ሰላይ ነው የሚባለው። ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁላችንም ለዱዓ እንወጣለን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፤ ለሰላም ዱዓ የወጣን ሕዝብ ማን ምን ይለዋል አሉ። እስከዚያ ሰው ሁሉ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ያቆይ ተባለ። ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም፣ ግን እኔን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል።

ቻርጅ ማድረጊያችን የደምሴ ጣራ ላይ ያለች ደብተር የምታክል አንዲት ሶላር ናት። ጊዜው ደግሞ ክረምት ነው፤ ፀሐይ ብቅ ብላ እንደ ባለሥልጣን ጎብኝታን ትመለሳለች። እንደምንም ብለን እየተራረፍን ሁሉንም ሞላን። እኔም ምያለሁ፤ ገበጣ እስከ ዓርብ የለም ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ። ሁሉም እሺ ብለዋል። ወላሂ ያሉም አሉ።

ዓርብ ደረሰና ወጣን። ስልኮቹን በአንድ ዘንቢል ያሸከሙኝ እኔን ነው፤ የስልክ ሰው አንተ ነህ ተባልኩ። ዳገቱን ስወጣ ከጀርባዬ ላብ፣ ከፊቴ ፍርሃት። ዘንቢል ሙሉ ስልክ ይዤ ብያዝ ምን እላለሁ? ጌም በደካማ ስልክ ላይ ይሠራ እንደሆን እየሞከርኩ ነው ብል ማን ያምነኛል? እናቴ ታምነኝ ይሆናል፤ እሷም አፍራ ነው። ደግነቱ ያገኘን ሰው አልነበረም።

ጫፉ ላይ ዱዓ ተደረገ፣ ዘንቢሉ ተከፈተ። ደምሴ ስልኩን አበራ። ገበጣው ብልጭ አለ፣ አንድ ጠጠር ሊዘራ ተነሳ፣ ስልኩ ጠፋ። ሁለተኛው እንዲሁ ገበጣ አሳየና ጠፋ። ሦስተኛው ከነጭራሹ አልበራም። የሰው ሁሉ ዓይን መሬት መሬት ያያል። እንደምታዩት ማንም አልተጫወተም፤ ሁሉም አንዲት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወትኩት ባይ ነው። ደምሴ ሊያሸንፈኝ ሲል እንዴት ልተወው ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። የእማ ዘሀራም ስልክ ጠፍቶ ነበር። እሳቸው እንኳ ብዬ አየኋቸው።

«ቀኑ አልሄድ አለኝ ልጄ» አሉኝ። «ዓርብ አልደርስ አለ። ምን ላድርግ?»

ጌሜ በደካማ ስልክ ላይ እንደሚሠራ በዚያች ቅጽበት አረጋገጥኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ዳገት የወጣው የልጁን፣ የወንድሙን ድምፅ ሊሰማ ነው፤ እኔ ደግሞ የሳምንታት ጉጉቱን በጠጠር አስጨርሼበታለሁ።

ይሄኔ ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። አልቸኮሉም። አቅም የላትም የተባለችውን ስልክ አወጡ፣ ላስቲኳን አጠበቁ፣ አበሯት። በራች። ባትሪዋ አርጅቶ የቀረችው አንዲት መስመር ብትሆንም በራች፤ ሼሁ እምብዛም ስለማይደውሉ ሂሳብም አላት። ስልኳን ግን ፊቴ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ አቆዩዋት።

በአንዲት መስመር ስንት ሰው ይደውላል? ሼሁ ፈረዱ። ዛሬ ሰላምታ የለም አሉ። እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ከረምክ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ ማለት ቀርቷል፤ ዋናውን ተናግሮ ለሌላው መስጠት ነው። በወሎ ምድር ሰላምታ ሲከለከል እኔ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ መጨረሻ ልሁን አልኩ፤ የተቃወመኝ የለም። እማ ዘሀራ ይቅደሙ ሲባሉ ግን ወደኋላ አሉ። ወገኑን የሚያውቅ ይቅደም፣ እኔስ የእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም አሉ። ፈርተው ነው። ካልደወሉ የሚሌው ኑሩ የእሳቸው ሊሆን ይችላል፤ ከደወሉ ላይሆን ይችላል።

ደምሴ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ደወለ። ስልኩ ተነሳ።

«እኔ ነኝ። ሁላችንም አለን። ማሽላው ደህና ነው። አንተስ?» አለ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ።

ከወዲያ በኩል ሁላችንም የሰማነው ድምፅ መጣ።

«ማን ነው የሞተው?»

እኛ አገር ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው መርዶ የያዘ ሰው ነው፤ ይህን እንዴት ሁላችንም እንደዘነጋነው አላውቅም። ወንድምየው ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ናት አይደል፣ አትደብቀኝ ይላል። ደምሴ በማርያም፣ በገብርኤል ይምላል። አያምነውም። እንግዲያው እናቴን አገናኘኝ ይላል፤ እናቱ ደግሞ ታች መንደር ናት፣ ጉልበቷ ዳገት አይወጣም። ይህ ሲነገረው ጭራሽ ለቅሶው ባሰበት። ደምሴ ቤተሰቡን ሁሉ በየስሙ እየጠራ አለ፣ አለች፣ አለ እያለ ቆጠረለት፤ ላሚቱንና ጥጃዋን ሳይቀር። ሰላምታው ቢፈቀድ ኖሮ ከዚህ ግማሹን አይፈጅም ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ሼህ እንድሪስ ላባቸውን ጠረጉ።

«ሰላምታ ተፈቅዷል» አሉ።

የቀሩት በየተራ ደወሉ። ስልኳ እንዴት እንደቻለች እኔ አላውቅም፤ የተማርኩት ትምህርት ይህን አይልም። በመጨረሻ ከእኔና ከእማ ዘሀራ በቀር ሰው አልቀረም። ቋጠሯቸውን ፈቱ፣ እኔ ቁጥሩን መታሁላቸው። ጠራ። አንድ የጎረምሳ ድምፅ ማን ልበል አለ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ እማ ዘሀራ።

የጎረምሳው ድምፅ ተሰብሮ፣ «እማ?» አለ።

እማ ዘሀራ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ደህና ነህ አሉት። ደህና ሰነበትክ፣ ጤናህስ፣ እንቅልፍስ ትተኛለህ፣ እዚያስ ይዘንባል፣ የምታድርባቸው ሰዎችስ ደህና ናቸው፣ ልጆቻቸውስ? እሱ ለእያንዳንዱ አልሐምዱሊላህ እያለ ይመልሳል። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነሳም። እንዴት አመለጥክ አላሉትም፣ መቼ ትመጣለህ አላሉትም። ደህና ነህ ወይ ብቻ ነው፤ ደግመው፣ ደጋግመው። ደምሴ ፊቱን አዙሮ ወደ ቆላው ያያል። ሼሁ መቁጠሪያቸውን ይዘው አይቆጥሩም። ይሄኔ ስልኳ ጢጥ አለች፤ ልትጠፋ ነው። እማ ዘሀራም ሰሟት።

«ኑሩ፣ እዚህ አንድ ወልድያ የሚያስተምር የሰው ልጅ አለ» አሉ ፈጠን ብለው። «እናቱ አልሰማችም። ቁጥር ይነግርሃል፣ ደውለህ ደህና ነው በላት።»

ስልኳን አፌ ላይ ደቀኑብኝ። የእናቴን ቁጥር ከዜሮ ጀምሬ አንድ በአንድ ስናገር እሱ ከወዲያ ይደግማል፤ እኔ እቸኩላለሁ፣ እሱ ይረጋጋል። የመጨረሻዋን ቁጥር ስል የሚደግምልኝ ድምፅ አልነበረም። ስልኳ እጃቸው ላይ ጠፍታለች።

ምነው እማ ዘሀራ፣ የራስዎን ጊዜ አልኳቸው።

«እኔማ ሰማሁ» አሉኝ እየተነሱ። «እሷ ናት ያልሰማች።»

ለሚቀጥለው ዓርብ ስልክ ሞልተን፣ ገበጣውን እኔው በእጄ ከሁሉም ላይ አጥፍቼ ተዘጋጅተን ነበር። ተራራው ላይ ታጣቂዎች ሰፈሩበትና ሳንወጣ ቀረን። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም፤ ይህ ወግ ነው። ቁጥሩ ሳይሞላ እንደቀረ እያወቅሁ፣ እናቴ አልሰማችም እያልኩ ነው የከረምኩት።

ብርዱ ሲገባ መንገዱ ተከፈተ። የስልክ መስመሩ እስኪመለስ አልጠበቅሁም፤ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ደብረ ብርሃን ገባሁ። እናቴ ከበር ላይ እንዳየችኝ ትወድቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልወደቀችም። ከሳህ አለችኝና ምድጃ ላይ ያለውን ሽሮ ልታወርድ ገባች። ግራ ገብቶኝ ተከትያት፣ መኖሬን ማን ነገረሽ አልኳት።

አንድ የማላውቀው ልጅ ክረምቱ ላይ ደወለ አለችኝ። ደህና ነዎት ወይ አለኝ፣ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ እያለ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከብት የለኝም ብለው፣ አላህ ይስጥዎት ብሎ ቀጠለ። ስለ አንተ ሳይናገር ገና በሰላምታው ላይ እያለ፣ ልጄማ አለ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ አለችኝ። መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ አይረጋጋም ነው የምትለው።

ኑሩን በአካል ያገኘሁት በኋላ፣ ለእማ ዘሀራ ጋቢ ይዤ የሄድኩ ጊዜ ነው። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው። የመጨረሻዋን ቁጥር ሳይሰማ እናቴን እንዴት እንዳገኛት ጠየቅሁት። አንገቱን እየደባበሰ፣ የመጨረሻዋን ከዜሮ ጀምሬ እየቀያየርኩ ነዋ አለኝ። ለዜሮዋ ያነሱት አንድ የጅማ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸውን ከነቤተሰባቸው ሰላም ብሎ ጨርሶ ነው ወልድያ የሚያስተምር ልጅ አለዎት ወይ ያላቸው። አንዷ ሰድባዋለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ልጅ የለኝም፣ ግን አንተ ደጋግመህ ደውል ብለውታል፤ አሁንም ይደውልላቸዋል። ሁሉንም በሙሉ ሰላምታ ነው ያዳረሳቸው።

የእናቴ ስልክ መጨረሻው ዘጠኝ ነው።